ሌላ ውሻ ስታይ የምታብደዋን ውሻዬን እንዴት እንዳረጋጋኋት

ከመጠለያ ያመጣኋት ውሻ ቤት ውስጥ እንደ በግ ናት፣ ውጪ ግን ሌላ ውሻ ገና ከሩቅ ስታይ ገመዱን ወጥራ እየዘለለች ትጮሃለች። እኔም ገመዱን ሳብ አድርጌ እቆጣት ነበር፣ ባሰባት። ለካ ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነው፣ ውሻ ባየች ቁጥር አንገቷ ሲታነቅ ጭራሽ ፍርሃቷን እያጠናከርኩላት ነበር።

የሰራልኝ ርቀት ነው። አይታው ግን ገና የማትጮህበትን ርቀት ፈለግኩ፣ ለሷ 30 ሜትር አካባቢ ሆነ፣ እዛ ላይ ቆመን ልክ ውሻውን እንዳየች ትንንሽ ስጋ አከታትዬ እሰጣታለሁ፣ ውሻው ከአይን ሲጠፋ ስጋውም ያቆማል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ መጀመሪያ ውሻው ከዛ ስጋው። እኔ ገልብጬው ስጋውን ቀድሜ አወጣ ስለነበር እጄን ኪሴ ስከት ብቻ ውሻ መጣ ብላ ደንግጣ ዙሪያዋን ማየት ጀምራ ነበር። አፏን ከዘጋች፣ ሰውነቷ ከደረቀ፣ ወይ ስጋውን ከጣቴ መንጭቃ ከወሰደች በጣም ቀርበናል ማለት ነው፣ ዞር ብለን እንሄዳለን።

የአንገቱንም ማሰሪያ ደረት በሚይዝ ቀየርኩት። በጣም ከተረበሸች ደግሞ 2 ቀን ያህል ውሻ ወዳለበት አልወስዳትም፣ ቤት ውስጥ ስጋ ደብቄ በማሽተት እንድትፈልግ አደርጋለሁ፣ ጭንቀቱ ቶሎ አይወርድላትማ።

በ6ኛው ሳምንት ውሻ አየችና ሳትጮህ ዞር ብላ ፊቴን አየችኝ፣ እንባዬ ነው የመጣው። አሁን በ8 ሜትር እናልፋለን፣ ያልታሰረ ውሻ ሮጦ ሲመጣባት ግን ገና ትጮሃለች፣ እሱ ላይ እየሰራን ነው።