ጐንደርን የፈለገ ጎንደርን እንዲያገኝ

የአንድ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ «ምንም አልተገኘም» እያለ ሰው ይመልስ ነበር። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ለኮምፒውተሩ ጐንደርና ጎንደር ሁለት ከተሞች ናቸው። «ፀሐይ» ብቻውን በሁለቱ «ጸ»ዎችና በስድስቱ «ሀ»ዎች (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል።

ስለዚህ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በተቀመጠበት ዳታቤዝ ውስጥ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ጨመርኩ። በዚያ ዓምድ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ወደ ሀ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ ይለወጣሉ፤ የሠና የፀ ሰባቱም ቤቶች ሳይቀሩ። ጎብኚው የሚጽፈው ቃልም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ያልፋል። አንዱን ወገን ብቻ መለወጥ ፍለጋውን ጭራሽ ያበላሸዋል። ለዕይታ የሚቀርበው ርእስ ግን ደራሲው እንደ ጻፈው ይቆያል፤ የሰው ስም ማረም የእኔ ሥራ አይደለም።

አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ «፡» በመምታት የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ምልክቱም ከቃሉ ጋር ይጣበቃል። ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ በክፍት ቦታ ተካሁት።

ያስቸገሩኝ የ፣ በ፣ ለ እና ከ ናቸው። «በጎንደር» ብሎ ለሚፈልግ «በ»ን መቁረጥ ይጠቅመዋል፤ በጅምላ ከተቆረጠ ግን በቀለ «ቀለ»፣ ከበደ ደግሞ «በደ» ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ እንዳለ ይፈለጋል፤ የሚቆረጠው ምንም ውጤት ሲጠፋ ብቻ ነው።