የክበብና የተማሪዎች ኅብረት መሪዎችን ማሠልጠን፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚያዘጋጁ

ለተማሪ መሪዎች የሚሰጠው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። አዳራሽ ይያዛል፣ «አመራር ምንድን ነው?» የሚል ስላይድ ይነበባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ምስክር ወረቀት ይታደላል። በሳምንቱ ያው ሠልጣኝ አዳራሽ ለማስፈቀድ ደብዳቤውን ለማን እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በመምህራን ትምህርትም ሆነ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥልጠና የምታዘጋጁ ሰዎች መለኪያችሁ አንድ ይሁን፦ ሠልጣኙ ከመውጣቱ በፊት አንድ መርሐ ግብር ከሐሳቡ እስከ ሒሳብ ማወራረዱ ድረስ በወረቀት ላይ ጨርሶ ያስረክብ። የቀረው ሁሉ ለዚህ ሲባል የሚደረግ ነው።

ማን ይጠራ?

ሰብሳቢዎችን ብቻ መጥራት የተለመደ ስሕተት ነው። ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ ተመራቂ ነው፤ ሰኔ ላይ ሲሄድ የሠለጠነውም አብሮት ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ክበብ ሦስት ሰው ይጠራ፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብና ንብረት ያዥ። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ በዚያ ዓመት የማይመረቅ ይሁን። ስምንት ክበብ ካላችሁ 24 ሰው ይሆናል፤ ከተማሪዎች ኅብረት ስድስት ሲጨመር 30 ይሞላል። ይህ ለስድስት ስድስት ሰው አምስት ቡድን የሚመች ቁጥር ነው። ከ40 ካለፈ ግን ልምምዱ ይቀርና ነገሩ ወደ ንግግር ይመለሳል፤ ሁለት ዙር ማድረግ ይሻላል።

ከሠራተኛ ወገን የየክበቡ አማካሪ መምህር፣ ከፕሮክተሮች (ከተማሪ ማደሪያ ተቆጣጣሪዎች)፣ ከፋይናንስ፣ ከንብረት ክፍልና ከጥበቃ አንድ አንድ ሰው፣ እንዲሁም የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዘው ሠራተኛ ይምጡ። የመጨረሻውን ሰው ማንም አይጠራውም፤ በመርሐ ግብሩ ቀን ሁሉም የሚፈልገው ግን እሱን ነው።

ቀኑና ምሳው

የክበባት ምርጫ ካለቀ በኋላ፣ አዲስ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ያለው ሳምንት ይመረጣል። ዓርብን ተዉት፤ የጁምዓ ሰላት እኩለ ቀኑን ይወስደዋል። እሑድ ጠዋትም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብዙ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራው አከፋፈል ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡00፣ እሑድ ደግሞ ከቀኑ 8፡00 እስከ 11፡30 ነው። የምሳ ዕረፍቱ ከ6፡30 እስከ 8፡00 ይሁን፤ ዙህር ለሚሰግዱም ይበቃል። ከሰዓት በኋላ የቡናውን ዕረፍት 10፡00 ገደማ ላይ ካደረጋችሁት ለዐስር ሰላትም ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ፕሮግራም እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

ምሳው በያይነቱ ይሁን። ሥጋ ከመጣ የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ማዕድ ይሆናል፤ እንዲተዋወቅ የመጣው ሠልጣኝ በሃይማኖት ተለያይቶ ይበላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ካለ ጾመኛውም ጾመኛ ያልሆነውም አንድ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ለ30 ሰው 50 እንጀራ እዘዙ። ቡናው ግቢ ውስጥ ቢፈላ በብዙ ይበልጣል፤ ሰው የሚግባባው አቦልና ቶና መካከል ነው።

ሁለቱን ግቢዎች አንድ ላይ የምታሠለጥኑ ከሆነ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አይታችሁ «ቅርብ ነው» አትበሉ። መንገዱ ሽቅብና ጠመዝማዛ ነው፤ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው ይንፏቀቃል። ለ2፡30 ለመድረስ አውቶቡሱ ከጠዋቱ 1፡00 ይነሣ፣ ሲመለስም ሳይመሽ ይግባ። ከኮምቦልቻ ለሚመጡት ጃኬት እንዲይዙ ንገሯቸው፤ የ600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ጠዋት ላይ ቀልድ አይደለም።

ከሥልጠናው በፊት እርክክብ ይለቅ

እርክክብ ያልፈጸመ ክበብ ሥልጠና ላይ መቀመጡ ትርፉ ትንሽ ነው። ነባሩና አዲሱ አመራር አማካሪው ባለበት ተቀምጠው ይፈራረሙ። የሚረከቡት የንብረት ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የቢሮና የቁም ሣጥን ቁልፍ፣ ማኅተም ካለ ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተር፣ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ እንዲሁም የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤትነት ነው። የመጨረሻው በጣም ይረሳል። አድሚን መሆን ብቻ አይበቃም፤ ቻናሉን የከፈተው ተማሪ ባለቤትነቱን ራሱ ካላዛወረ፣ ተመርቆ ስልክ ሲቀይር ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ያለ ጌታ ይቀራል።

ንብረቱን በወረቀት ብቻ አትረከቡ። ስፒከሩ ይሰካ፣ ማይኩ ይሞከር። «1 ማይክሮፎን» ተብሎ የተፈረመበት ዕቃ የማይሠራ ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂው የፈረመው አዲሱ መሪ ነው። «1 ማይክሮፎን፣ ማብሪያው የተበላሸ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ማንም አይከሰስም።

ቅዳሜ፦ የወረቀት ቀን

መግቢያው ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። ወዲያው ለየቡድኑ አንድ መርሐ ግብር ስጡ፦ የሥነ ጽሑፍ ምሽት፣ የደም ልገሳ፣ የእግር ኳስ ውድድር፣ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ የጽዳት ዘመቻ። ለየቡድኑ ሁለት ፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ሦስት ማርከርና አንድ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ከመርሐ ግብሩ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ለሥነ ጽሑፍ ምሽት የሚመጥነው ይህን ይመስላል፦

21 ቀን ሲቀረው፦ አንድ ገጽ ዕቅድ ከነበጀቱ፣ የአማካሪው ፊርማ
18 ቀን ሲቀረው፦ የአዳራሽ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝበት
15 ቀን ሲቀረው፦ የግዢ ጥያቄ
10 ቀን ሲቀረው፦ የሚቀርቡት ሥራዎች ተሰብስበው ይነበቡ
3 ቀን ሲቀረው፦ በራሱ አዳራሽ፣ በራሱ ማይክ ልምምድ
ካለቀ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ፦ ንብረት መመለስ
በ5 የሥራ ቀን ውስጥ፦ ሒሳብ ማወራረድ

ነገሩ የሚበላሸው በ18ኛውና በ15ኛው ቀን መካከል ነው። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ያድራል፤ ፈራሚው መስክ ወጥቷል፤ ተማሪው «አስገብቻለሁ» ብሎ ተኝቷል። ስለዚህ ሠልጣኙ ደብዳቤ ሲያስገባ ሁለት ነገር ጠይቆ እንዲወጣ አስለምዱት፦ የገቢ ቁጥሩን፣ እና ኃላፊው ከሌሉ የሚፈርመውን ተወካይ ስም።

ቀጥሎ ደብዳቤውን ራሱን አስጽፉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ትሕትናው ጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ያንን ዓረፍተ ነገር አስሰርዙና እንዲህ አስተኩ፦ «ኅዳር 13 ቀን ከቀኑ 9፡00 እስከ 11፡30 ትልቁ አዳራሽ፣ 250 ወንበር፣ 2 ማይክሮፎን እና 1 ፕሮጀክተር እንዲፈቀድልን፤ ለዝግጅት ከ7፡00 ጀምሮ እንዲከፈትልን»። ለጥበቃ ክፍል ግልባጭ ካልተጻፈ የተጋባዥ እንግዳው መኪና በር ላይ ይቆማል።

ሰዓቱ ላይም ተከራከሩ። የክበብ ስብሰባ ከምሽቱ 2፡00 ሲደረግ ሴት አባላት ቀስ በቀስ ይቀራሉ። ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የመመለሻው መንገድ ነው። ስብሰባው ወደ 10፡30 ሲዞር ስም ዝርዝሩ ላይ ብቻ የነበሩት መምጣት ይጀምራሉ።

የእግር ኳሱ ቡድን ሒሳብ ይሥራ። ስምንት ቡድን ተመዝግቦ «ሁሉም ከሁሉም ይጋጠም» ከተባለ 28 ጨዋታ ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ በድምሩ አራት ቢደረግ ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ መሐሉ ላይ ፈተና ይገባና ውድድሩ ይቀራል። በአራት አራት ሁለት ምድብ ከተከፈለ 12 የምድብ፣ 2 ግማሽ ፍጻሜ፣ 1 ፍጻሜ፤ 15 ጨዋታ፣ አራት ሳምንት። ይህን መጀመሪያ ያላሰበ አዘጋጅ ዳኛም ኳስም ያልቅበታል።

ገንዘብና ንብረት

እዚህ ላይ የፋይናንሱ ሰው ራሱ ይናገር፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ተማሪው ማወቅ ያለበት ጥቂት ነው። ንብረት ሞዴል 20 በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ የተገዛው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ደረሰኝ ላይ የተቋሙ ስም በትክክል ይጻፍ፤ «ጥሬ ገንዘብ ከፋይ» ተብሎ የመጣ ደረሰኝ ሲወራረድ ያጨቃጭቃል። ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ከሦስት ሱቅ ሲሰበሰብ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ይሰጥ፤ አንዱ ጋ «ቲሸርት»፣ ሌላው ጋ «ጥጥ ቲሸርት ከነኅትመቱ» ከተባለ ዋጋው አይወዳደርም። ሰኞ ገበያ ወርዶ ሣር፣ አበባ ወይም ስኒ መግዛት ርካሽ ነው፤ ደረሰኝ ግን አይገኝም። እንዲህ ያለው ወጪ በምን ማስረጃ እንደሚወራረድ ከመግዛት በፊት ፋይናንስን መጠየቅ ነው፤ ከገዙ በኋላ የሚጠይቁ ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

እሑድ፦ ችግር እየፈጠራችሁ አለማምዱ

ሁለተኛው ቀን ወረቀት የለውም። ሠልጣኞች በእውነተኛው አዳራሽ ሚና ተከፋፍለው ይቁሙ፦ መድረክ መሪ፣ መድረክ አዘጋጅ፣ ድምፅ፣ በር፣ እንግዳ ተቀባይ። አሠልጣኙ በየ15 ደቂቃው ችግር ይጣል። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ማን ነው? (ጄኔሬተር ስፒከርና መብራት ተሰክቶበት 15 ደቂቃ ካልተሞከረ ተሞከረ አይባልም።) ሁለት ክበብ ለተመሳሳይ ሰዓት ፈቃድ ይዞ መጣ። 300 ወንበር ላለው አዳራሽ 400 ሰው በር ላይ ተሰለፈ። እዚህ ላይ ብዙዎቹ «ሁለተኛውን በር እንቆልፈው» ይላሉ። አይቻልም፤ ከውጭ ሰው እንዳይገባ ሰው ይቆምበታል እንጂ መውጫ በር ሰው ባለበት አይቆለፍም።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ግን መድረክ ላይ ያለ ቀልድ ነው። አንድ አቅራቢ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይነሣል። በዚያ ሰዓት መመካከር የለም፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ የታወቀ ይሁን። መድረክ አዘጋጁ ለድምፅ ሠራተኛው ምልክት ይሰጣል፣ ማይኩ ይዘጋል። መድረክ መሪው ወጥቶ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቀልዱን አይደግምም፣ አያብራራምም። ሙዚቃ ወይም ቀጣዩ ሥራ ይገባል። አማካሪው አቅራቢውን ከመድረክ ጀርባ ያነጋግራል። የቴሌግራም ኃላፊው የዚያን ክፍል ቪዲዮ አይለጥፍም። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግሙ፤ በመጀመሪያው ሙከራ መድረክ መሪው ሁልጊዜ ረጅም ንግግር ይጀምራል። ከአሥር ቀን በፊት ሥራዎቹን የማንበቡ ጥቅምም የሚገባቸው እዚህ ነው።

ለሠራተኞች የሚሆን ግማሽ ቀን

አማካሪዎችንና ሌሎቹን ሠራተኞች ከተማሪዎቹ በፊት ለብቻ ሰብስቧቸው፤ እሑድ ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀላቀሉ። አማካሪ በሁለት መንገድ ይበላሻል፦ ወይ ፊርማ ብቻ ይሆናል፣ ወይ ራሱ ሰብሳቢ ይሆናል። ድርሻውን ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉለት። ዕቅድና በጀት አይቶ ይፈርማል፤ ልምምድና ዋናው ቀን ላይ ይገኛል፤ ስብሰባ አይመራም፤ ገንዘብ በእጁ አይይዝም። ፕሮክተሮችና ጥበቃዎች በበኩላቸው የሚያነሡት ቅሬታ አንድ ነው፤ መርሐ ግብር እንዳለ የሚሰሙት ጫጫታው ሲጀመር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የወሩ መርሐ ግብር ወር በገባ ቁጥር በአንድ ገጽ ታትሞ በየበሩና በየሕንፃው ይለጠፍ፣ ከታችም የኃላፊው ተማሪ ስልክ ይኑርበት።

ከዚያ በኋላ

ምስክር ወረቀቱን እሑድ አትስጡ። ክበቡ የመጀመሪያውን መርሐ ግብር አካሂዶ፣ ንብረቱን መልሶ፣ ሒሳቡን ሲያወራርድ ለሦስቱም አባላት ይሰጥ። በስድስተኛው ሳምንት ለአንድ ሰዓት ሰብስባችሁ የትኛው ደብዳቤ የት እንደቆመ ብቻ ጠይቁ፤ ሦስት ክበብ አንድ ቢሮ ላይ ከቆመባቸው ችግሩ የተማሪዎቹ አይደለም፣ እናንተ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ሁለተኛው መሰብሰቢያ ከመጋቢት አይዝለል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ የገባ የግዢ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሳይገዛ ያልፋል፤ የክበቡም ቀሪ ገንዘብ አብሮ ይመለሳል።