በ1000 ያርድ ሽቅብና ቁልቁል የሚበተን ተኩስ እንዴት ተስተካከለ

መሣሪያው በአፈሙዝ የሚጎርስ 0.45 ኢንች ጠመንጃ ነው፤ ጉርሻው 90 ግሬን (5.8 ግራም ገደማ) ጥቁር ባሩድና 530 ግሬን የእርሳስ ጥይት። በ300 ሜትር ምቱ ይሰበሰባል፤ በ1000 ያርድ (914 ሜትር ገደማ) ግን ሽቅብና ቁልቁል ይበተናል። ነፋስ ቢሆን ወደ ጎን በወሰደው፤ ይህ የጥይት ፍጥነት መለያየት ነው።

የባሩዱ ልክ ሚዛን ላይ እኩል ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የበርሜሉ ውልወላ ላይ ነበር፦ በየተኩሱ መካከል የሚገባው ጨርቅ ውሃ ስለጠገበ፣ ጨርቁን የሚገፋው ዘንግ እርጥበቱንና ጥቀርሻውን ወደ በርሜሉ ግርጌ እየገፋ ቀጣዩን ባሩድ ያረጥበዋል።

አሁን ጨርቁ በደንብ ይጨመቃል፤ በጣት ሲጫኑት ጠብታ መውጣት የለበትም። አንዴ ቀስ ብሎ እስከ ግርጌው ወርዶ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት ደረቅ ጨርቆች ይከተላሉ። ሁለተኛው ጠቁሮ ከወጣ ሦስተኛ ይጨመር። ጊዜ ለመቆጠብ ይህን መዝለል ነጥብ መጣል ነው።

ባሩዱ አስቀድሞ ተመዝኖ በየብልቃጡ ይቀመጥ። ከትልቅ ዕቃ በቀጥታ ወደ አፈሙዝ አይገልበጥ፤ በርሜሉ ውስጥ ፍም ከቀረ ዕቃው እጅ ላይ ይፈነዳል። ጥይቱ ባሩዱ ላይ ያለ ክፍተት መቀመጡን ዘንጉ ላይ በተሠራ ምልክት ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ክፍተት በርሜል ያሳብጣል።