የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጂኦሎጂስት የመስክ ደብተር ከዛሬ ካርታ ጋር እንዴት ይገናኛል?

ለልምምድ የስኮትላንዳዊው ጂኦሎጂስት የቻርልስ ላየል ደብተሮች ይመረጣሉ። ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2019 እ.ኤ.አ. 294ቱን ገዝቶ በእጁ አስገብቷል፤ ምስሎቻቸውም በኢንተርኔት ይገኛሉ።

ዋናውን ደብተር በቤተ መዛግብት ካገኙ እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። የጨርቅ ጓንት አያስፈልግም፤ የገጹን ጠርዝ ይዞ ይቀድዳል። ከሁለቱም ሽፋኖች ሥር የስፖንጅ መደገፊያ ያስገቡ፤ ደብተሩን አስገድዶ መዘርጋት ስፌቱን ይበጥሳል። ለራስዎ ማስታወሻ እርሳስ ብቻ ይጠቀሙ።

ፎቶ ሲያነሱ ማስመሪያ ከገጹ ጎን ይኑር። የደበዘዘ የእርሳስ ጽሑፍ ካለ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ድጋሚ ያንሱ፤ እርሳሱ የተጫነበት ጎድጓዳ መስመር ጥላ ይጥላል። የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ አይዝለሉ፤ የናሙና ዝርዝርና የወጪ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ጽሑፉን ሲገለብጡ ስህተቱንም ጭምር እንዳለ ይገልብጡ። ግምትዎን በሌላ ዓምድ ያስፍሩ፤ በተለይ የቦታ ስም ሲሆን። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ የዘለቀው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ «አንታሎ» ያለው የኖራ ድንጋይ ስሙን ያገኘው ትግራይ ካለችው ሕንጣሎ ነው። ተጓዡ የሚጽፈው ጆሮው የያዘውን ነው። ገና ከመጀመሪያው «አስተካክለው» ከጻፉት፣ ግምትዎ ሲሳሳት የሚመለሱበት መነሻ አይኖርም።

ከሁሉ በላይ ሥራ የሚያበላሸው ግን ኮምፓስ ነው። መርፌው የሚያመለክተው መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው፤ ይህም ከእውነተኛው ሰሜን ያለው ልዩነት በቦታና በዘመን ይለያያል። ለንደን ላይ በ1820 ገደማ ወደ ምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ እዚያ 90 ተብሎ የተጻፈ አቅጣጫ በእውነቱ 66 ነው፤ ሳይታረም ቢቀር አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 400 ሜትር ያህል ያስታል። የየዘመኑን ልዩነት የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት (ኖዓ፣ NOAA) ድረ ገጽ ከ1590 ጀምሮ ያሰላል።

ቁጥሩን ከመቀነስዎ በፊት ግን ጸሐፊው ራሱ አርሞት እንደሆነ ያጣሩ። ከአንድ የታወቀ ተራራ ወደ ሌላው ያነበበውን አቅጣጫ ከደብተሩ ይፈልጉና በዛሬ ካርታ ይለኩት። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ታርሟል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከዘመኑ ልዩነት ጋር ከተስማማ አልታረመም። ከሁለቱም ካልሆነ አለቱን ይጠርጥሩ፤ ባዛልት ላይ የቆመ ኮምፓስ ሊስት ይችላል።

የአለት ንብርብር ዝንባሌ በአብዛኛው የሚጻፈው ወዴት እንደሚያዘነብል ተጠቅሶ ነው፤ ለምሳሌ «ደቡብ ምሥራቅ 30» ማለት ወደ ደቡብ ምሥራቅ በ30 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። ንብርብሩ የሚዘረጋበት መስመር ከዚህ 90 ዲግሪ ይርቃል።

ከፍታን በጥርጣሬ ይዩት። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ በዚህ ሲለኩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 300 ሜትር ስለሚጠጋ የሩብ ዲግሪ ስህተት እንኳ 75 ሜትር ነው። በአየር ግፊት መለኪያ ከተለካ ደግሞ የዕለቱ አየር ጠባይ ይቀያይረዋል። ስለዚህ ቦታ ሲፈልጉ በቅድሚያ አቅጣጫን፣ ቀጥሎ የጉዞ ሰዓትን፣ መጨረሻ ላይ ከፍታን ይመኑ። በፉት የተጻፈውን ከፍታ በ0.3048 አባዝተው ወደ ሜትር ይለውጡ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ግን ከጎኑ ይቀመጥ።