«ዲስቻርጅ» የሚለው ቃል በየሙያው ምን ማለት እንደሆነ እንዴት መለየት ይቻላል

በባሕር ዳር የሚኖር ሰው «ዲስቻርጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ባይፈልገውም ያገኘዋል። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያለው ሰው በሕክምና ማጠቃለያው ላይ ያነበዋል፤ የጣናን ውሃ የሚያጠና ተማሪ በየገጹ ይገጥመዋል፤ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ በመርከብ ሰነዱ ላይ ያየዋል። መዝገበ ቃላት ሲከፈት ትርጉሞቹ በቁጥር ተደርድረው ይገኛሉ፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን አንስቶ መሄድ ከስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ለተርጓሚ፣ ለተማሪም ሆነ ለአስታማሚ ይጠቅማል።

1. ከሥሩ ይጀምሩ

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ መነሻው ጋሪ የሚል ትርጉም ያለው ስም ነው። «ቻርጅ» ጋሪው ላይ መጫን፣ «ዲስቻርጅ» ደግሞ የተጫነውን ማውረድ ነበር። አማርኛ ለዚህ «ማራገፍ» የሚል ምቹ ግስ ስላለው፣ ቃሉን ባገኙ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦ የሚወርደው ምንድን ነው? ከምን ላይ ነው የሚወርደው? የሚያወርደውስ ማን ነው? መልሶቹ ከተገኙ ሙያው ራሱ ይገለጣል።

ጥንታዊው ትርጉም ሳይለወጥ የቀረው በመርከብ ሥራ ነው። በማጓጓዣ ሰነድ ላይ «ፖርት ኦፍ ዲስቻርጅ» በሚለው መስመር የሚጻፈው ጭነቱ ከመርከብ የሚራገፍበት ወደብ፣ ለእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጅቡቲ፣ ነው። ዕቃው ለባለቤቱ የሚደርስበት ቦታ በሌላ መስመር ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ማየት አይገባም።

2. በሕክምና ወረቀት ላይ የጎረቤቱን ቃል ይመልከቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሐኪም ቤት ውስጥ ቃሉ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ከአካል ክፍል ወይም ከቁስል ስም ጋር ሲጻፍ፣ ለምሳሌ «ኢር ዲስቻርጅ» ሲባል፣ ከጆሮ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል ማለት ነው። ከቀን፣ ከመድኃኒት ወይም ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ሲጻፍ ግን ሕመምተኛው ከሆስፒታል መውጣቱን ያመለክታል፤ በየዋርዱ «ዛሬ ዲስቻርጅ ይሆናል» የሚባለውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው የሚወጣው ፈሳሹ ሲሆን፣ በሁለተኛው የሚወጣው ሰውየው ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንመልከት። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የዕለት ክትትል ወረቀት ላይ «ዉንድ ክሊን፣ ኖ ዲስቻርጅ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ የተጻፈው ቁስሉ ንጹሕ እንደሆነና ፈሳሽ እንደማያወጣ ነው፤ መልካም ዜና ነው። ይህን «መውጣት አልተፈቀደለትም» ብሎ የሚረዳ አስታማሚ ያለ ምክንያት ይጨነቃል። «ዲስቻርጅ ሜዲኬሽን» በሚለው ርዕስ ሥር የተዘረዘሩት ደግሞ ሕመምተኛው ቤቱ ሄዶ የሚቀጥላቸው መድኃኒቶች እንጂ ሆስፒታል ውስጥ ወስዶ የጨረሳቸው አይደሉም፤ ጥርጣሬ ካለ ከመውጣትዎ በፊት ነርሷን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል። «አጌንስት ሜዲካል አድቫይስ» የሚል ከታከለበት ሕመምተኛው ከሐኪሙ ምክር ውጭ በራሱ ፈቃድ መውጣቱን ይመዘግባል።

3. ቁጥር ካለ መለኪያውን ያንብቡ

የወንዝ ዲስቻርጅ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ በሰከንድ የሚያልፍ የውሃ መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። ስሌቱ የወንዙን ወርድ፣ አማካይ ጥልቀቱንና የውሃውን ፍጥነት ማባዛት ነው። ወርዱ 40 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ውሃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢጓዝ፣ ዲስቻርጁ 40 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 40,000 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን «ፍሰት» ብሎ ብቻ መተው አንባቢን ወደ ፍጥነት ሊመራው ይችላል፤ «የፍሰት መጠን» ማለት ይሻላል።

ስለ ጣና በሚያነቡበት ጊዜ «ከየት?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር ያለው የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ መውጫው ላይ የነበረው የፍሰት መጠን የሐይቁን ከፍታ ተከትሎ ይጨምርና ይቀንስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በበሮቹ መከፈትና መዘጋት ይወሰናል። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በዚሁ አቆጣጠር በ2010 ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የሐይቁ ውሃ በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ወንዝም ይሄዳል። በመሆኑም «የጣና ዲስቻርጅ» የሚል አኃዝ ሲያዩ ዓመቱንና መውጫውን ሳያረጋግጡ ከሌላ አኃዝ ጋር አያወዳድሩ።

4. ወንዝና ፋብሪካ በአንድ ሰነድ ሲገናኙ

በአካባቢ ጥበቃ ሰነዶች ቃሉ ፋብሪካ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ የሚለቀውን ፍሳሽ ያመለክታል፤ ፈቃድና ገደብ የሚወጣለትም ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰነዱ ፍሳሹን የሚቀበለውን ወንዝ በዚያው ቃል ሲጠራው ነው። አንድ ፋብሪካ በቀን 2,000 ሜትር ኩብ ይለቃል፣ ወንዙ ደግሞ 40 ሜትር ኩብ አለው እንበል። መለኪያውን ያላየ ሰው ፋብሪካው ወንዙን ሃምሳ እጥፍ የሚበልጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የወንዙ ቁጥር የአንድ ሰከንድ ስለሆነ፣ በ86,400 ሲባዛ በቀን 3,456,000 ሜትር ኩብ ይሆናል።

የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ ዘንድ ሲደርሱ ውሃውን ይርሱት። «ዲስቻርጅ ፕሪንቲንግ» የሚባለው አስቀድሞ የተቀለመ ጨርቅ ላይ ቀለም የሚያጠፋ ኬሚካል ያለበት ሊጥ በንድፉ ቅርጽ ታትሞ በእንፋሎት ሲታጠን፣ ሊጡ ያረፈበት ቦታ ቀለሙን የሚለቅበት የኅትመት ዘዴ ነው። እዚህ የሚራገፈው ቀለሙ፣ ተሸካሚውም ጨርቁ ነው። በእኔ እይታ ከሁሉም ያማረው ትርጉም ይህ ነው፤ ግን የሙያው ሰው ካልሆነ ማንም አያስበውም።

5. በሕግና በአስተዳደር ጽሑፍ ትንሿን ቃል አይዝለሉ

«ሂ ዲስቻርጅድ ሂዝ ዲዩቲስ» ማለት ግዴታውን ተወጣ ማለት ነው። «ሂ ዎዝ ዲስቻርጅድ ፍሮም ሂዝ ዲዩቲስ» ሲባል ግን ከሥራው ተሰናበተ ማለት ነው። አንዱ ምስጋና፣ ሌላው ስንብት ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥሩትም «ዎዝ» እና «ፍሮም» ናቸው። ሸክሙን ተሸክሞ ከቦታው ያደረሰ ሰው ግዴታውን ተወጥቷል፤ ሸክሙ ከትከሻው የተወሰደበት ሰው ደግሞ ተሰናብቷል። ወታደር ከሠራዊት ሲሰናበትና ተበዳሪ ከዕዳው ነፃ ሲሆንም ቃሉ ያው ነው።

ኤሌክትሪክ ብዙ አያስቸግርም፤ ባትሪ የያዘውን ኃይል ሲሰጥና ሲያልቅበት፣ መብረቅ ከደመና ሲወርድ፣ በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥም ጋዙ ኤሌክትሪክ አስተላልፎ ሲበራ «ዲስቻርጅ» ይባላል።

6. የመረጡትን የአማርኛ ቃል ይፈትኑ

የመረጡትን ቃል በእንግሊዝኛው ቦታ አስገብተው ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው ያንብቡ። መውጣት፣ መግል፣ የፍሰት መጠን፣ የሚለቀቅ ፍሳሽ፣ ማራገፍ፣ መወጣት፣ መሰናበት፣ እነዚህ እርስ በርሳቸው ቦታ አይለዋወጡም፤ የተሳሳተው ሲገባ ጆሮ ወዲያው ይጠላዋል። በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ትርጉሞች ካሉ ለእያንዳንዱ አንድ የአማርኛ ቃል መርጠው በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ ይጻፉና እስከ መጨረሻው ሳይቀያይሩ ይጠቀሙበት። ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም የሚቀበል ሆኖ ካስቸገረ፣ ጸሐፊውን ደውለው «ምኑ ነው የሚወጣው? ከምን?» ብለው ይጠይቁ።