ሳጥኑን ቀደም፣ ቆረጣውን ዘግየት

ንብ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ማሬን የቆረጥኩት ቸኩዬ ነው። ንቦቹ የማር እንጀራ የሚሠሩባቸው የእንጨት ማዕቀፎች፣ ፍሬሞቹ፣ ሞልተው ሳይ አላስቻለኝም። ትንሽ ቆይቶ ጓዳ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአንዱ ዕቃ ክዳን ተፈናጥሯል፣ ማሩ አረፋ ደፍቋል፣ ሽታው ኮምጧል። ያልደረሰ ማር ውሃው ስለሚበዛ ይቦካል። ያን ቀን ነው የገባኝ።

ቀፎው ላይ የማር ሳጥን ሲደረብ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ የሚጎዳው መዘግየት ነው። እኔ ንግሥቲቱ እንቁላል የምትጥልበትን የታችኛውን የእጭ ሳጥን ከፍቼ ከ10ሩ ፍሬሞች 7 ወይም 8ቱ በንብ ተሸፍነው ካየሁ የማር ሳጥኑን እደርባለሁ። በፍሬሞቹ ራስ ላይ አዲስ ነጭ ሰፈፍ ብቅ ካለ ደግሞ አላመነታም። 10ሩም እስኪሞላ ከጠበቃችሁ ንቦቹ መንጋ ለማውጣት መሰናዳት ይጀምራሉ። የንግሥት ቤት ሠርተው እጭ ካስገቡበት በኋላ ሳጥን ብትደርቡ ሐሳባቸውን እምብዛም አይቀይሩም። ሌሊቱ ገና ብርድ ከሆነና ንቡ ጥቂት ከሆነ ግን ታገሡ፤ ባዶ ሳጥን ማሞቅ ለእነሱም ጣጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ንብ ቦታ የሚያስፈልጋት ማር ለማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ለማድረቅም ጭምር ነው። ከአበባ የሚመጣው ወለላ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ንቦቹ በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት ያንጠባጥቡና ክንፋቸውን እያራገቡ ያደርቁታል። በአበባው ወራት አመሻሽ ላይ ጆሮአችሁን ቀፎው ላይ ለጥፉ፤ እንደ ሩቅ ዝናብ ያጉረመርማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳጥን ሁለት ሦስተኛው ሲያዝ ሁለተኛውን እደርባለሁ። ከላይ ይሁን ከሥር እያሉ የሚከራከሩ አሉ። እኔ ከላይ ነው የማስቀምጠው፣ ወገቤን ስለምወድ።

የንግሥት ማገጃ፣ ማለትም ንግሥቲቱ ወደ ማር ሳጥኑ እንዳትወጣ የሚከለክለውን ወንፊት፣ ስታስገቡ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፍሬሞቹ የተሠራ የማር እንጀራ ከሌላቸውና የሰፈፍ ወረቀት ብቻ ከሆኑ፣ ንቦቹ በማገጃው ሾልከው መውጣት ይሰንፋሉ። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ያለማገጃ እተወዋለሁ። መሥራት ሲጀምሩ ንግሥቲቱ ታች መሆኗን አረጋግጬ አስገባዋለሁ። ቫሮዋ ለሚባለው ጥቃቅን የንብ ተባይ የሚሰጥ መድኃኒት ካለ ደግሞ መለያው ላይ ያለውን ሳታነቡ የማር ሳጥን አትደርቡ።

አሁን ወደ ቆረጣው። ፍሬሙ ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰፈፍ ከተደፈነ ደርሷል እላለሁ። ያልተደፈነው ክፍል ላይ ጥርጣሬ ካለኝ ፍሬሙን አግድም ይዤ ወደ ታች አንዴ ጠበቅ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። ጠብ ካለ ይመለሳል። ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም የማርን የውሃ መጠን የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ሰው ውሃው ከ18 በመቶ በታች መሆኑን እስኪያነብ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

የጎመን ዘር ማሳ አጠገብ ያላችሁ ግን ይህን ትዕግሥት እርሱት። ያ ማር እዚያው እንጀራው ውስጥ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ማውጫ ማሽኑ ቢሽከረከር ቢሽከረከር ወይ ፍንክች! አበባው ማለቅ ሲጀምር የመነቅነቁን ፈተና ያለፈውን ፍሬም ሁሉ፣ ባይደፈንም፣ አውጡት።

ንቡን ለማራቅ ከማር ሳጥኑ በታች የንብ ማስወጫ ክዳን (ንቦቹ ወርደው እንዳይመለሱ የሚያደርግ) አስገብቼ አንድ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ። ጭስ አላበዛም፣ ማሩ ይሸታል። ያወጣሁትን ፍሬምም ሳይቀዘቅዝ በዚያው ቀን ማሩን በማሽኑ አውጥቼ እጨርሳለሁ፤ የሞቀ ማር ቶሎ ይፈሳል። ከእጭ ሳጥኑ አንድም ፍሬም አልነካም፤ ከጸደይ አበባ በኋላ ምንም የማይገኝበት ሳምንት ይመጣል፣ ያኔ ንቦቹ የሚበሉት እዚያ ያለውን ማር ነው። ማር የተቀባባውን ባዶ ሳጥን የምመልሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በቀን ከመለስኩት የጎረቤት ቀፎ ንቦች ሽታውን ይከተሉና ዝርፊያ ይጀመራል።