ስክሪኑን አጥፉና ዌብሳይታችሁን ስሙት

ታላቅ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ሥራ የሚፈልገው በላፕቶፑ ነው። አንድ ቀን እኔ የሠራሁትን የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ሲከፍት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። "ክፍት የሥራ ቦታ" የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ስክሪን ሪደሩ (ስክሪን ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም) "ግራፊክ፣ ሊንክ" አለና ቁጥር ብቻ ይደረድር ጀመር። የፎቶው ፋይል ስም ነበር። ማስታወቂያው ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው፤ ስካን አድርገን የለጠፍነው።

"ምን ይላል አንቺ?" አለኝ።

አነበብኩለት። የማመልከቻው ቀን ከትናንት በስቲያ አልፏል።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ዊንዶውስ ላይ ጫኑ። ነፃ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ጀመረው፤ ሌላ ዓይነ ስውር ጓደኛው ተቀላቀለው። አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛም ያነባል፤ ትንሽ ሮቦት ሮቦት ይላል እንጂ ይገባል። ከዚያ ስክሪናችሁን አጥፉ፣ ማውሱን ወዲያ በሉት። በታብ ወደፊት ሂዱ። የኤች ቁልፍ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይወስዳችኋል። አንድ ሥራ ብቻ ለመጨረስ ሞክሩ፦ የድርጅቱን ስልክ ማግኘት፣ ወይም ፎርም ሞልቶ መላክ። የት እንደምትቆሙ ጻፉ። የሥራ ዝርዝራችሁ እሱ ነው።

የኛ አገር ትልቁ ችግር ፎቶ ውስጥ የተቆለፈ ጽሑፍ ነው። ማስታወቂያ፣ ጨረታ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ሁሉም ፎቶ። መፍትሔው ቀላል ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ኮምፒውተር ላይ የወርድ ፋይሉ አለ። እሱን ተቀበሉና ጽሑፉን ገጹ ላይ አስፍሩት። አለቃችሁ "ያለ ማህተም ማን ያምናል?" ካሉ፣ ማህተም ያለበትን ከሥሩ አያይዙት። ሁለቱም ይኑር።

ጽሑፉ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ለዓይን "ሰላም" ቢያሳዩም ከሥር ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ያንን ትርምስ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛው ከጠፋ እንደገና ይተየብ።

የገጹን ቋንቋ በኮዱ ላይ አማርኛ ብላችሁ መመዝገብም አትርሱ። አብዛኛው ቴምፕሌት እንግሊዝኛ ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል። የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ለፎቶዎች ኦልት ቴክስት ጻፉ፤ ስክሪን ሪደሩ በፎቶው ፋንታ የሚያነበው አጭር መግለጫ ማለት ነው። "ፎቶ" ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። "የቦሌ ቅርንጫፍ መግቢያ፣ በስተቀኝ የዊልቸር መወጣጫ አለው" ይጠቅማል። ለጌጥ ብቻ የገባ ከሆነ ኦልቱን ባዶ ተዉት፤ ያልፈዋል።

ቀለም ላይ፣ ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ይቅርባችሁ። ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ (WCAG) ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር ይጠይቃል። ለኛ ፊደል ደግሞ የባሰ ነው፤ "ለ" እና "ሉ"ን የምትለየው አንዲት ቅጥያ ናት። ቪዲዮ ካላችሁ መስማት ለተሳናቸው የጽሑፍ መግለጫ ጨምሩ።

ፎርም ላይ ስህተትን በቀይ ብቻ አታሳዩ። "ስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት" ብላችሁ ጻፉ።

ሁሉንም ካስተካከልኩ በኋላ ወንድሜን አስሞከርኩት። ፎርሙን አንድ በአንድ ሞላ። መጨረሻ ላይ ታብ ይጫናል፣ ይጫናል፣ "ላክ" የለም። የመላኪያውን ቁልፍ ያበጀሁት ከተራ ሳጥን (ዲቭ) ነበር፤ በማውስ ይሠራል፣ ታብ ግን ይዘለዋል። በትክክለኛው የቁልፍ ኮድ (button) ቀየርኩት። ይህን እኔ ብቻዬን አላገኘውም ነበር። እናንተም ዓይነ ስውር ፈታሽ ፈልጉ፣ የሰዓቱንም ክፈሉት።